በኑግ ዘይት የተወለወለ ጠመንጃ

ለረጅም ጊዜ በደንብ አውቃለሁ ብዬ የምኮራበት ሙያ አንድ ብቻ ነበር፤ ጠመንጃ መፍታት፣ ማጠብና መወልወል። አሁን ሰው ስለዚያ ሲያነሳብኝ ወሬ እቀይራለሁ። ልጆቼ እንኳ ምክንያቱን በወሬ እንጂ ከእኔ አፍ ሰምተውት አያውቁም።

ሙያውን የተማርኩት በደርግ ሠራዊት ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበር። ያስተማረን አንድ ሃምሳ አለቃ ሲሆን ቁጡ ግን ጠንቃቃ ሰው ነበር። "ብረት ሁለት ነገር ይፈልጋል" ይለን ነበር፤ "አንዱ የሚያጥበው፣ ሌላው የሚያለሰልሰው። እነዚህን ሁለቱን እንዳታምታቱ።" የሚያጥበው የባሩዱን ጥላሸትና የከረመውን ቅባት ፈልቅቆ ያወጣል፤ ግን ብረቱን ደረቅ አድርጎት ይሄዳል። ደረቅ ብረት ደግሞ ባደረ ቁጥር ይዝጋል። ስለዚህ ካጠቡ በኋላ ቀጭን ዘይት፣ እሱም በጨርቅ ጫፍ ነክቶ፣ በስሱ መቀባት ነው። በዚያ ጊዜ ለሁለቱም የየራሱ ቆርቆሮ ነበረን፤ መምረጥ የሚባል ጣጣ አልነበረም።

ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን እስከ ቡታጅራ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጣሁ። እናቴ ቤት ስገባ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። የቀድሞ ወታደር መሆን በዚያ ሰሞን ለሥራ አይመችም ነበር። ድንጋይ ፈለጥኩ፣ እንጨት ሰነጠቅኩ፣ ሦስት ዓመት እንደዚያ አለፈ። በመጨረሻ ከከተማው ዳር ያለ አንድ የበርበሬ መጋዘን የጥበቃ ኃላፊ ፈልጎ ቀጠረኝ። የቀጠሩኝም ጠመንጃ ስለማውቅ ነው።

መጋዘኑ ሦስት መሣሪያ ነበረው። ሁለት ሲሞኖቭና አንድ አሮጌ ምንሽር። ምንሽሩ ለማስፈራሪያ ካልሆነ ለሌላ የሚሆን አልነበረም። ሲሞኖቮቹ ግን ደህና ነበሩ። ከእኔ በታች ሦስት ጥበቃዎች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ ይህ ታሪክ የሚመለከተው አንዱን ነው።

ይህ ሰው ከእንሴኖ በኩል የመጣ፣ ትንሽ መሬት ያለው ሙስሊም ገበሬ ነበር። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጣል፤ "ጋሼ" ነበር የምለው። እሱ ደግሞ እኔን "ወታደሩ" ይለኛል። የሱብሂን ሶላት ሰግዶ፣ ገና ጭጋጉ ሳይገፈፍ ከበሩ ላይ ይደርስና "አሰላሙ አለይኩም ወታደሩ፣ አደርክ ወይ?" ይላል። ወታደር ሆኖ አያውቅም። መሣሪያ ሲይዝ ይጠነቀቃል፤ እንዲያውም ይፈራል ብል ይሻላል። ያስተማርኩትን ሁሉ ሳያዛንፍ ያደርግ ነበር። ቃታ ላይ ጣት አይደረግም ካልኩት ጣቱን ከብረቱ በላይ ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል። አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም ካልኩት ለቀልድ እንኳ አያዞርም። አፍ መፍቻው ጉራጌኛ ስለሆነ አማርኛው ላላ ይል ነበር፤ ግን የሚናገረው ሁሉ ቁም ነገር ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ያስጨነቀኝ የማጠቢያና የዘይት ነገር ነው። የጠመንጃ ዘይት የሚባል በቡታጅራ አይሸጥም። ቤንዚን ሞከርኩ። ቤንዚን ቶሎ ያጥባል፣ ቶሎ ይተናል፤ ግን ብረቱን አጥንት አስመስሎ ያደርቀዋል። በክረምት ከታጠበ በማግስቱ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። ደግሞም እሳት ነው። የጥበቃ ቤታችን ጠባብ ስለሆነችና ከሰልም ስለሚነድባት ተውኩት። ናፍጣ ሞከርኩ፤ ያጥባል፣ ግን ሽታው ከእጅም ከልብስም አይለቅም፤ የሚተወውም ቅባት አቧራ ይስባል። ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያመጣልኝ አንድ ሹፌር ነበር። ጥቁርና የብረት ብናኝ የሞላበት ነው። በጣቶቼ መካከል ሳሸው ይኮሰኩሳል። ያንን በጠመንጃ ውስጥ ማድረግ ብረቱን በአሸዋ መፈተግ ነው ብዬ መለስኩለት።

በመጨረሻ ነጭ ጋዝ ለማጠቢያ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለማለስለሻ አደረግኩ። ነጭ ጋዝ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ መዝጊያውን፣ ጥይቱን ከኋላ የሚገፋውን ብረት፣ ፈትቶ ለአንድ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ይፈልጋል። የስፌት መኪና ዘይቱ ግን እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ሽታ የሌለውና የማይረጋ ነው። ገበያው መግቢያ ላይ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ በትንሽ ጠርሙስ እገዛ ነበር። መጋዘኑም ዋጋውን ይመልስልኝ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል በዚህ ሄድን። ጠመንጃዎቹ ሰዓት መሰሉ።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ተቀየረ። አዲሱ ሰውዬ ክፉ አልነበረም፤ ግን አላስፈላጊ የሚለውን ወጪ ሁሉ መቁረጥ ይወድ ነበር። የዘይቱን ደረሰኝ ሳሳየው ሳቀ።

"ዘይት ነው የቸገረህ? መጋዘኑ ውስጥ በርሜል ሙሉ የኑግ ዘይት አለ አይደል? ቅዳና ተጠቀም።"

"ጌታዬ፣ የኑግ ዘይት የምግብ ነው። ሲውል ሲያድር ይረጋል።"

"ብረት ያለሰልሳል አያለሰልስም?"

"ለጊዜው ያለሰልሳል።"

"በቃ! ዘይት ዘይት ነው።"

ዘይት ዘይት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። የኑግ ዘይት የነካው ጠርሙስ አንገት በሳምንቱ እንደ ማር ይጣበቃል፤ በወሩ ደግሞ በጥፍር ካልተፋቀ የማይለቅ ቡናማ ቅርፊት ይሆናል። ይህን ማንኛዋም እናት ታውቃለች። እኔ ግን ለራሴ አንድ መልስ አበጀሁለት፤ በየሳምንቱ በነጭ ጋዝ ካጠብኩት አይረጋም አልኩ። ስሌቱ ትክክል ነበር። በየሳምንቱ ባጥበው ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር።

በዚያ ዓመት መኸር ላይ ነጭ ጋዝ ጠፋ። ማደያው ጋ ሴቶች ጄሪካናቸውን ከንጋት ጀምሮ ይደረድራሉ፤ ባዶውን ይዘው የሚመለሱ ብዙ ነበሩ። የተገኘው ለቤት ኩራዝ አልበቃም። ለጠመንጃ ብዬ ከእነሱ ጋር መሰለፍ አፈርኩ። አንድ ሳምንት ዘለልኩ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ጠመንጃዎቹን ላይ ላዩን በጨርቅ እወለውላለሁ፤ ደረቅ ሲመስለኝ የኑግ ዘይት እጨምራለሁ። መዝጊያውን ግን አልፈታሁም። የስፌት መኪና ዘይት በራሴ ገንዘብ መግዛት እችል ነበር። ሁለት ሦስት ቀን ሻይ መተው ነበር የሚጠይቀኝ። ለምን እንዳልገዛሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። መጋዘኑ ላይ እልህ ይዞኝ ነበር መሰለኝ። "እነሱ ያሉት ይሁን" የሚል የሞኝ እልህ።

ሲሞኖቭ ውስጥ ጥይቱን ከኋላ የሚወጋ ቀጭን ብረት አለ። መርፌ ነው የምንለው። ይህ መርፌ ወደ ኋላ የሚመልሰው ጠምዛዛ ሽቦ የለውም፤ በመዝጊያው ቀዳዳ ውስጥ ልቅ ሆኖ ነው የሚኖረው። ንጹሕ ከሆነ መዝጊያውን አውጥተው ሲያናውጡት ከውስጥ ኳ ኳ ይላል። የሚረጋ ነገር ከያዘው ግን ጫፉ ወደ ፊት ወጥቶ እዚያው ሊጣበቅ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ሰው ጠመንጃውን ሲያቀባብል፣ መዝጊያው ጥይቱን ገፍቶ ሲያጎርስ፣ የወጣው መርፌ ራሱ ይወጋዋል። ቃታ መሳብ አያስፈልግም። ሃምሳ አለቃው ይህን አስተምሮናል። እኔም አውቅ ነበር። ለጋሼ ግን አልነገርኩትም።

ነገሩ የደረሰበት ጠዋት በበርበሬ ወቅት ነበር። ከማረቆና ከመስቃን በርበሬ በጋሪና በአህያ ይገባል፤ ግቢው በቀይ አቧራ ይሸፈናል። ያ አቧራ ከሁሉ ነገር ላይ ያርፍ ነበር፤ ዘይት ከነካው ብረት ላይ ደግሞ ይጋገራል። የበርበሬውን አንገት የሚቀነጥሱ ሴቶች በየቀኑ ይመጡ ነበር። አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ክምሩ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። በር እስኪከፈት ድረስ ከአጥሩ ውጭ ነበር የሚጠብቁት።

በዚያ ሰሞን በከተማው መጋዘን የሚሰብሩ ሌቦች ታይተው ስለነበር ሥራ አስኪያጁ ጠባቂ ሁሉ ጥይት አጉርሶ እንዲቆም አዝዞ ነበር። ስለዚህ ተረካቢው ጠዋት ሲመጣ ጠመንጃውን ባዶውን ይቀበላል፣ ጥይት ይሞላል፣ ከዚያ ያቀባብላል። ሲያቀባብል አፈሙዙን የት እንደሚያዞር የወሰንኩት እኔ ነኝ። ከጥበቃ ቤቱ በስተግራ ያለውን የቆርቆሮ አጥር አሳይቼ "ወደዚያ" ብያለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ባዶ ሜዳ ነበር። ሴቶቹ ሁልጊዜ በበሩ በኩል ነበር የሚቀመጡት።

ያ ቀን ብርድ ነበር። ፀሐይዋ መጀመሪያ የምታርፈው በሜዳው በኩል ስለሆነ ሴቶቹ ወደዚያ ዞረው፣ ጀርባቸውን ለቆርቆሮው ሰጥተው ተቀምጠው ኖሯል። እኛ አላየንም።

ጋሼ ሰላምታውን ሰጠኝ። ጠመንጃውን ተቀበለኝ። ጥይቱን ሞላ። ወደ አጥሩ ዞረ፣ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ዘረጋ። ዓይኔ እያየው ነበር። መያዣውን ወደ ኋላ ስቦ ሲለቀው ጠመንጃው ጮኸ።

ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ተነሳ። ቆርቆሮው ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች።

የሞተችው የሃያ አራት ወይም የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበረች። ከቀንጣሾቹ ሁሉ ሳቂታዋ እሷ ነበረች፤ ድምፅዋን ከነሻሿ ከሩቅ አውቀው ነበር። ባሏ ጋሪ ነጂ ነው፤ አንድ ሴት ልጅ አላቸው። ስንደርስ ሌሎቹ ሴቶች እጃቸውን ደረቷ ላይ ጭነው ደሙን ሊያቆሙ ይታገሉ ነበር። በርበሬ የነካ እጃቸውን አስታውሰው መሰለኝ አንዷ "እጃችን ያቃጥላታል! እጃችን ያቃጥላታል!" እያለች ታለቅስ ነበር። ጋሪ ተጠራ፤ የመጣው የባሏ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ሳትደርስ አለፈች።

ጋሼ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ነበር። "አልነካሁትም" ይለኛል። "ወታደሩ፣ ወላሂ አልነካሁትም። አይተኸኛል አይደል? አልነካሁትም።"

ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጣና "ፖሊስ እስኪመጣ ያንን ነገር ጥይቱን አውጣለት፣ ሌላ ሰው እንዳይጨርስ!" አለኝ። ጠመንጃውን ይዤ የጥበቃ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። ጥይቶቹን አወጣሁ። መዝጊያውን ፈታሁ።

መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ተጣብቆ ነበር። ዙሪያውን ቡናማና ቀይ የሆነ ሙጫ ይዞታል፤ የኑግ ዘይትና የበርበሬ አቧራ። በጣቴ ገፋሁት፣ አልተንቀሳቀሰም። አናወጥኩት፣ ድምፅ የለም። ወዲያው ነው የገባኝ። እሷን የገደላት ጋሼ አይደለም።

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው አሁንም ሌላ ሰው ያደረገው ይመስለኛል። ከኩራዙ ውስጥ የቀረውን ነጭ ጋዝ በጣሳ ገለበጥኩ። መዝጊያውን ነከርኩት። መርፌውን በሽቦ ፈልቅቄ አወጣሁት፣ በጨርቅ ፈተግኩት፣ ቀዳዳውን አጸዳሁት። ከሥራዬ አንዲት ነገር አላጎደልኩም። ያን ያህል ንጹሕ አድርጌ ጠመንጃ አጥቤ አላውቅም። መልሼ ስገጥመው መርፌው ኳ ኳ አለ። ጨርቁን ከሰል ውስጥ ጨመርኩት፤ ቦግ ብሎ ነደደ። ፖሊሶች ሲደርሱ ጠመንጃውን በሁለት እጄ አስረከብኳቸው።

ቃሌን ሲቀበሉኝ "ቃታውን ሲነካ አይተሃል?" አሉኝ።

"ጀርባውን ነበር የሰጠኝ" አልኩ። ይህ ውሸት ነበር።

ጠመንጃው ተመረመረ። ምንም እንከን የለውም ተባለ። እውነትም አልነበረውም። ስለዚህ "ቃታ አልነካሁም" የሚለው የጋሼ ቃል የውሸት ቃል ሆኖ ተመዘገበ። እሱም ታሰረ።

ሽማግሌዎች ገቡ። ከሁለቱም ወገን፣ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም። በእኛ አገር በስሕተት የጠፋ ነፍስ ማስታረቂያ መንገድ አለው። የሟች ቤተሰብም ለመታረቅ ልቡ የራቀ አልነበረም። ግን አንድ ነገር ፈለጉ። ጋሼ "እጄ ተሳስቶ ቃታ ነካ፣ ይቅር በሉኝ" ይበል አሉ። ጥፋቱን ሳያምን እርቅ የለም። ባልየው፣ ጋሪ ነጂው፣ "መግደሉን እኮ ይቅር ልለው ነው። የሚዋሸኝን ግን ምን ላድርገው?" አለ። ሽማግሌዎቹ እስር ቤት ድረስ ሄደው ለመኑት። እሱ እምቢ አለ። "ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ በአላህ ስም አልምልም" አለ። ግትር ነው አሉት። ልበ ደረቅ ነው አሉት።

እኔም ልጠይቀው ሄድኩ። ሙዝና ቆሎ ይዤለት ነበር። ከስቶ፣ ጢሙ ነጭ ሆኖ ነበር። ከእንጨቱ አጥር ወዲያ ሆኖ አየኝና "ወታደሩ፣ አንተ ብረት ታውቃለህ" አለኝ። "አንድ ነገር ንገረኝ። ጠመንጃ ቃታው ሳይነካ ይተኩሳል?"

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ጥያቄው ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም።

"እኔ እንጃ ጋሼ" አልኩት። "እንደዚያ ሲሆን አላየሁም።"

ራሱን ነቀነቀ። "እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬአለሁ" አለ። "ሌሊት ጣቴን አየዋለሁ። ነክቼው ይሆን? እላለሁ።" ከዚያ ሙዙን ለሌሎች እስረኞች አካፈለ።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። በእነዚያ ወራት እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። ሚስቴ ግን "ምን ሆነሃል?" ትለኛለች፤ "አሞኛል" እላታለሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የጋሼ ሚስት ቤቴ መጣች። ከእንሴኖ በእግሯ ነበር የመጣችው። ሚስቴ ውሃ ሰጠቻት፤ ጠጥታ ጣሳውን እጇ ላይ ታዞር ጀመር።

"ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል" አለችኝ በመጨረሻ። "አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። አሁን ሰው ሁሉ ይዋሻል ይላል። የገዛ ወንድሙ ሳይቀር እመንና ውጣ ይለዋል። እኔም እንደዚያው አልኩት፤ ባለፈው ስሄድ 'ነካሁት በል፣ ልጆችህን አስብ' አልኩት። እንዴት እንዳየኝ ልነግርህ አልችልም። አንተ አጠገቡ ነበርክ። እባክህ፣ የእኔ ልብ እንዲያርፍ ብቻ ንገረኝ። ባሌ ይዋሻል?"

"አይዋሽም" አልኳት።

"እንዴት አወቅክ?"

ነገርኳት። ሚስቴ ባለችበት፣ ከኑግ ዘይቱ ጀምሬ ጨርቁን እስካቃጠልኩበት ድረስ አንድ በአንድ ነገርኳት። ስጨርስ አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ጣሳውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀምጣ ተነሳች። "ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ" አለች። ትዕዛዝ ነበር።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ቃሌን የተቀበለኝ መርማሪ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ማስረጃው የት አለ? ጠመንጃው ንጹሕ ነው" አለኝ። የዚያን ጊዜ ነው ሁለተኛው ሲሞኖቭ ትዝ ያለኝ። አደጋው ከደረሰ ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ ፈርቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ነበር። እሱንም የወለወልኩት በዚያው ዘይት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልፈታውም።

ነገሩ በዞኑ ፍርድ ቤት፣ ወልቂጤ ነበር የሚታየው። በዚያ ጊዜ ከቡታጅራ ወልቂጤ ለመሄድ በተራራው የሚያቋርጠው መንገድ አስቸጋሪ ስለነበር አዲስ አበባ ዞረን በአውቶቡስ ሄድን፤ እኔ፣ የጋሼ ሚስትና ወንድሙ። በመንገዱ ሁሉ ሁለቱም አላናገሩኝም። ወሊሶ ምሳ ስንበላ ወንድሙ ከእኔ ገበታ ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ።

በችሎቱ ጋሼ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሞ ነበር። ስናገር ፊቴን ወደ ዳኛው አድርጌ ነበር፤ እሱን ላለማየት። ሁለተኛው ጠመንጃ ቀረበ። መሣሪያ የሚያውቅ አንድ ፖሊስ መዝጊያውን ፈታ፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ አናወጠው። ድምፅ የለም። ከመጀመሪያው ጠመንጃ የወጣውን መዝጊያ አናወጠ፤ ኳ ኳ አለ። የሁለተኛውን መርፌ በጣቱ ሊያንቀሳቅስ ሞከረ፣ አቃተው። "ሙጫ ይዞታል" አለ። "ይህ ጠመንጃ ጥይት ቢጎርስ ቃታው ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል።" በአዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁኝ። "ይህንን ያወቁት መቼ ነው?"

"በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሰዓት።"

"ለምን ዝም አሉ?"

ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁን፣ የነጭ ጋዙን መጥፋት፣ ልጆቼን። ከአፌ የወጣው "ፈርቼ" የሚል ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ ሳላስበው ወደ ጋሼ ዞርኩ። እያለቀሰ ነበር። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጣቱን ያየዋል። ንዴት የጠበቅኩበት ፊት ላይ ያየሁት እፎይታ ነበር። ራሱን መጠራጠሩን ያቆመው በዚያች ደቂቃ ነው። ያንን አምስት ወር የነጠቅኩት እኔ ነኝ።

እሱ ተፈታ። እኔ ማስረጃ በማጥፋትና በሐሰት ቃል ተከስሼ አንድ ዓመት ተፈረደብኝ፤ ስምንት ወር ታስሬ ወጣሁ። አልከበደኝም። እስር ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ተኛሁ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ዘይቱ ተጠይቆ "እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ባለሙያው እሱ ነው" አለ። በዚህ አልተከራከርኩትም።

ስፈታ ሽማግሌ ይዤ ጋሪ ነጂው ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ደጅ ላይ ነበረች፤ አያቷ ጠርታ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ሰውየው አስቀመጠን። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተናገሩ። እሱ ግን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ሌላ ዘይት አልነበረም?"

"ነበረ" አልኩት። "ገበያ ላይ ልብስ ሰፊው ጋ ነበረ።"

"ውድ ነው?"

"አይደለም።"

አንገቱን ደፋ። ለእርቁ እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ፤ ሥርዓቱም ተፈጸመ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ላይ ጋሪው ሲመጣ ሳይ ወደ ሌላኛው ጥግ እሻገራለሁ። እሱም እንደዚያው ያደርጋል።

ጋሼ ወደ ጥበቃ ሥራ አልተመለሰም። በታሰረበት ወቅት አንዱ በሬው ተሸጦ ነበር፤ መሬቱን በእኩል የሚያርስ ሰው ይዞታል። ከእስር ቤት ይዞት የወጣው ሳል አለቀቀውም። አንድ ቀን እንሴኖ ገበያ አገኘሁት። እግሩ ሥር ልወድቅ ነበር፤ ክንዴን ይዞ አስቆመኝ። "ሰው ያየናል" አለ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅር ብዬሃለሁ አለኝ፤ እንደሚያደርገውም አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሳል፣ ልጆቼን በየተራ ይጠይቃል። "ወታደሩ" ብሎ ግን ጠርቶኝ አያውቅም።

ሳሉ ሲብስበት ቤተሰቡ አታት ሆስፒታል ወሰዱት፤ እዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ፤ ብዙም አልሰነበተም። ቀብሩ ላይ ተገኝቼ ነበር። ወንዶቹ አፈር ሲያለብሱ አካፋው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። ወንድሙ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ፈለገኝ፤ ከኋላ ቆሜ ሳለሁ አየኝ። አካፋውን ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ አፈር ጨመርኩና ለሚቀጥለው ሰው አቀበልኩ።